ፎም ቦርድ፣ ባትሪና የተሰነጠቀ ምጣድ፦ የኤሌክትሪክ ሞዴል አውሮፕላን ሠርቶ ለማብረር

የመጀመሪያዋ አውሮፕላኔ አየር ላይ የቆየችው አራት ሰከንድ ነው። ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጅታለች። አራት ሰከንዱን የቆጠረችው ልጄ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳትም። ሁለተኛዋን በዚያው ዓይነት ፎም፣ ከስብርባሪው ላይ በፈታሁት በዚያው ሞተር ሠራኋት፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በመካከሉ እኔ ፓይለት አልሆንኩም። የተለወጠው ጠረጴዛ ላይ የምሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡት አብዛኛው ስለ ጠረጴዛው ነው።

የምኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ጥገና፣ የሌሊት ፈረቃ። ልጅ ሆኜ መርካቶ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ እላላክ ነበር፤ ሽቦ ማገናኘትና እርሳስ ማቅለጥ ከዚያ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለ በረራ ግን የማውቀው ትኬት መቁረጥ ብቻ ነበር። ምንም ሳታውቁ የምትጀምሩ ካላችሁ አብረን ነን።

ከሞተሩ በፊት ሜዳው

ሰው ሁሉ ከሞተሩ ይጀምራል። እኔም ሞተር ገዝቼ፣ ክንፍ ቆርጬ፣ ከአፓርታማችን ጀርባ ያለው የኳስ ሜዳ ይበቃኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው የት መብረር እንደሚፈቀድ የሚያሳየውን፣ ቢፎርዩፍላይ የሚባለውን የስልክ አፕ ከፍቼ ካርታው ላይ ቤቴን የፈለግሁት። ቀይ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ድረስ ያለው ክልል ያለ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ልዩ ፈቃድ ድሮንም ሞዴል አውሮፕላንም የማይበርበት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ አበሾች የሰፈርንበት ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ቀለበት ውስጥ ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ደግሞ ይፈቀዳል፤ የተመዘገበች፣ ከ400 ጫማ በታች የምትበር፣ በዓይን የምትታይ፣ አየሩ ጥርት ያለበት ቀን፣ ከሌላ አውሮፕላን የራቀች ከሆነች።

ሌላ ግዛት የምትኖሩም አትዝናኑ። ከ250 ግራም በላይ የሆነች ማንኛዋም አውሮፕላን ኤፍኤኤ ዘንድ ትመዘገባለች። ክፍያው 5 ዶላር ነው፣ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ለመዝናኛ ለሚያበር ሰው አንዱ ቁጥር ለሁሉም አውሮፕላኖቹ ይሆናል። ቁጥሩ ከውጭ በኩል ይጻፋል። ለመመዝገብ 13 ዓመት መሙላት ስለሚያስፈልግ የእኛዋ በእኔ ስም ናት፤ ልጄ ይህን እስካሁን አልዋጠችውም። ትረስት የሚባል በነፃ የሚሰጥ አጭር ፈተናም አለ፤ አባትና ልጅ አንድ ምሽት ላይ ጨረስነው፣ የምስክር ወረቀቱን ሜዳ ስትሄዱ ስልካችሁ ውስጥ ያዙት። የአውሮፕላኗን ማንነትና ቦታ በሬዲዮ የሚናገር ሪሞት አይዲ የሚባል ትንሽ ዕቃም ግዴታ ነው፤ ኤፍኤኤ ለይቶ በፈቀዳቸው የክለብ ሜዳዎች ላይ ካበራችሁ ብቻ ይቀርላችኋል።

ለዚህም ለሌላውም የሚሻለው ክለብ መግባት ነው። በ1936 የተቋቋመው የአሜሪካ ሞዴል አቪዬሽን አካዳሚ፣ በአጭሩ ኤኤምኤ፣ በየግዛቱ ክለቦች አሉት፤ አባል ስትሆኑ በሰው ወይም በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን አብሮ ይመጣል። እኔ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ደቂቃ እነዳለሁ። መጀመሪያ ቀን ስደርስ ሣር ላይ ወንበር ዘርግተው ቡና የሚጠጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንደኛው፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ አውሮፕላኔን አገላብጠው አይተው ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ምን ማለት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አገር ቤት ወይም ዓረብ አገር ሆናችሁ የምታነቡ፣ የየአገሩ ሕግ ለየቅል ነውና ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ለእረፍት ስትሄዱ ለወንድም ልጅ ይዛችሁ ለመግባት የምታስቡም ያለ ፈቃድ አትሞክሩት። ባትሪውን በተመለከተ፣ ከአውሮፕላኗ ተነቅሎ የተያዘ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ እዚህ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያችው አውሮፕላን እዚያ ለመንሳፈፍ ከአሥር በመቶ በላይ መፍጠን ይኖርባታል። ስለዚህ እዚያ የሚበር ሰው ከሁሉ በላይ ክብደት ይቀንስ።

ዕቃው

ለጀማሪ የምትሆነዋ አውሮፕላን ክንፏ ከላይ የተቀመጠ፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። እንዲህ ያለው ክንፍ ስታዘነብል ራሱ ይመልሳታል። የተዋጊ ጀት ቅርጽ ያለው ያምራል፤ ይቆይላችሁ።

የእኛዋ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ገላዋ ከዶላር ትሪ በሚገዛው ፎም ቦርድ ተሠራ፤ በሁለት በኩል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ነጭ ፎም ነው። ሦስት ቅጠል በቃን፤ ስለሚሰበር አምስት ግዙ። ሌላው የሚያስፈልገው ይኼ ነው።

ሞተሩ ብረሽለስ፣ ማለት ውስጡ ብሩሽ የሌለው፣ ሆኖ 2212 የሚል ቁጥር የተጻፈበት፣ 1000 ኬቪ። ኬቪ ኪሎ ቮልት መስሏችሁ እንዳትደነግጡ፤ ሸክም ሳይኖርበት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ11.1 ቮልት ባትሪ 11,100 ጊዜ ለመዞር ይጣደፋል። ፕሮፔለሩ 10 በ4.5 ኢንች፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር 30 አምፔር። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ከ15 አምፔር ብዙም አያልፍም፤ ሆኖም ኮንትሮለር በጠባቡ አይገዛም። 9 ግራም የምትመዝን ሰርቮ፣ ማለት ጅራቱን የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር፣ ሁለት፤ አንዷ ለራደር፣ ማለት ጅራቱ ላይ ለቆመው፣ ሌላዋ ለኤሌቬተር፣ ለተጋደመው። ባትሪው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር)፣ ባለ ሦስት ሴል፣ 1,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት። ሪሞቱ 2.4 ጊጋ ኸርዝ፣ አውሮፕላኗ ውስጥ ሆኖ ትእዛዙን ከሚቀበለው ከሪሲቨሩ ጋር፤ እኔ ያለኝ ፍላይስካይ ነው፣ ለጀማሪ ምንም አልጎደለውም።

ሪሞትና ቻርጀር ላይ አትሰስቱ። አውሮፕላኗ ትሰበራለች፤ ሁለቱ ግን ለቀጣዮቹ አምስት አውሮፕላኖች ያገለግላሉ። የወጥ ቤት የግራም ሚዛን ከሌላችሁም ግዙ። እያንዳንዱን ዕቃ እየመዘንን ደብተር ላይ ጻፍን፤ ሙጫውም ሳይቀር። ስትጨረስ 560 ግራም ወጣች። የክንፏ ስፋት 20 ስኩዌር ዴሲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ስኩዌር ዴሲ ሜትር 28 ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ ለመማሪያ ደግ ነው። መጀመሪያዋ 700 አልፋ ነበር፣ ሙጫ እንደ ወጥ አፍስሼባት።

ቆረጣ

የካተሩን ምላጭ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የደነዘ ምላጭ ፎሙን አይቆርጥም፣ ይቦጭቃል። ማጠፊያ የሚሆነውን መስመር ላይኛውን ወረቀትና ፎሙን ቆርጣችሁ ታችኛውን ወረቀት ሳትነኩ ትተዋላችሁ፤ ያ ወረቀት ማጠፊያ ይሆናል። እያንዳንዱ ግማሽ ክንፍ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው ከአንድ ቅጠል ይወጣል፤ ተጣጥፎ ከላይ ጎበጥ ይላል። ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዘው የቀለም ማማሰያ እንጨት ነው፤ ቀለም ሲገዛ በነፃ የሚሰጡት ማለቴ ነው። እንጨቱን በሰፊው ቪ ቅርጽ ቆርጣችሁ ክንፉ ሆድ ውስጥ ቅበሩት፤ እያንዳንዱ የክንፍ ጫፍ ከመሐሉ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ክንፉን ከገላው ጋር በሙጫ አታጣብቁ። ገላውን ከፊትና ከኋላ በሽሽ ከባብ እንጨት ውጉትና ክንፉን በጎማ ላስቲክ እሰሩት። ስትወድቅ ላስቲኩ ይፈታል፣ ክንፉ ይተርፋል። ስቴኪኒ ይበቃል ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አይበቃም።

ሞተሩ ሲገጠም በቀጥታ ወደ ፊት አይይ። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ቀኝና ወደ ታች ያዘንብል። ፕሮፔለሩ ሲዞር አውሮፕላኗን ወደ ግራ ይጎትታል፤ ጉልበት ሲጨመርም አፍንጫዋ ይነሳል። ያችን ታህል ማዘንበል ሁለቱንም ትይዝላችኋለች። ከሞተሩ ኋላ አንድ ቀጭን ቀለበት ከታች፣ አንድ ከቀኝ ማስገባት ሳይሆን፣ ተቃራኒውን፣ ከላይና ከግራ ማስገባት ነው። ልጄ ባታስተውል በተቃራኒው ገጥሜው ነበር።

ቀለሙን እንደፈለጋችሁ። ብቻ የክንፉ ሆድና ጀርባ የተለያየ ቀለም ይኑረው፤ ሰማይ ላይ ሆና የትኛው በኩል እንደሚታያችሁ ማወቅ ይኖርባችኋል። የእኛዋ ከላይ ቢጫ፣ ከታች ጥቁር ናት።

ብየዳ፣ ሬዲዮና የመሶቡ ክዳን

የባትሪው ሶኬት ኤክስቲ60 ይባላል። ወፍራም ሽቦ ስለሆነ ትንሽ መበየጃ አያሞቀውም፤ ሽቦውንም የሶኬቱን ጉድጓድም መጀመሪያ ለየብቻ እርሳስ አልብሷቸው፣ ከዚያ አገናኟቸው። ደህና ብየዳ ሲቀዘቅዝ ያብረቀርቃል። ግራጫ ሆኖ የፈረፈረ ከመሰለ ድገሙት። ሲሞቅ የሚኮማተረውን መሸፈኛ ቱቦ ሽቦው ላይ ማጥለቅ ያለባችሁ ከመበየዳችሁ በፊት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይረሳል። ቀይና ጥቁር ከተቀያየረ ኮንትሮለሩ በአንድ ብልጭታ ያበቃለታል። በተቃራኒው ከሞተሩ የሚወጡት ሦስቱ ሽቦዎች እንዴትም ቢገናኙ ችግር የለውም፤ ሞተሩ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ ከሦስቱ ሁለቱን አቀያይሩ፣ ይስተካከላል።

አሁን ወደ መሶቡ። ሰርቮዎቹን ለማስተካከል ባትሪ ሰክቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። ፕሮፔለሩ ተገጥሟል፤ ለሁለት ደቂቃ ሥራ ማን ይፈታል ብዬ። ስልኬ ጮኸ፣ ለማንሳት ስዘረጋ የሹራቤ እጅጌ የሪሞቱን የጉልበት ስቲክ ወደ ላይ ገፋው። አውሮፕላኗ ጠረጴዛው ላይ ዘላ መሶቡ ጋ ደረሰች። ባለቤቴ ከጎንደር ያስመጣችው የመሶብ ክዳን ጠርዙ እስካሁን እንደተጎረደ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያዞረች በተጎረደው በኩል ወደ እኔ ታስቀምጠዋለች። በመሶቡ ቦታ የልጅ እጅ ቢሆንስ?

የቤንዚን ሞተር ካልቆሰቆሱት አይነሳም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ባትሪ ከተሰካ ጀምሮ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሲነካ ሳያንገራግር በሙሉ ጉልበቱ ይነሳል፤ የያዘው ነገር ቢኖር እንኳ አይቆምም፣ ይገፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ፕሮፔለር አይገጠምም። ሜዳ ላይ፣ ለመብረር ስትዘጋጁ ብቻ። ስትከፍቱ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ የጉልበቱ ስቲክ ዜሮ ላይ መሆኑን አይታችሁ፣ ከዚያ ባትሪውን። ስትዘጉ መጀመሪያ ባትሪውን፣ በመጨረሻ ሪሞቱን። ባትሪ ከተሰካ በኋላ እጃችሁም ፊታችሁም ከፕሮፔለሩ ኋላ ይሁን፤ ከፊቱም ከጎኑም አትቁሙ።

ፕሮፔለሩ ወልቆ ሳለ አንድ ፈተና አድርጉ። ሞተሩን በመጠኑ አስነሱና ሪሞቱን አጥፉት። ሞተሩ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ የሪሲቨሩ ፌልሴፍ፣ ማለት ሬዲዮ ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያቆመው፣ አልተስተካከለም፤ ሬዲዮው አንድ ቀን ቢቋረጥ አውሮፕላኗ በሙሉ ጉልበት ወዳሻት ትሄዳለች።

ከዚያ ከኋላዋ ቁሙና ስቲኩን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ የኤሌቬተሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ ይነሳል። ወደ ቀኝ ስትገፉ የራደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የተገላበጠ ካለ ሪሞቱ ውስጥ ሪቨርስ የሚል አለ። ይህን ፈተና ሁልጊዜ፣ በየሜዳው ደግሙት። የእንቅስቃሴው መጠን ለኤሌቬተር ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ሚሊ ሜትር፣ ለራደር 25 ይበቃል።

አራት ሰከንዱ

የመጀመሪያዋ አውሮፕላን እንዴት እንደሞተች ልንገራችሁ። ሽማግሌው ወርውረውልኝ ከእጃቸው ስትወጣ አፍንጫዋን አነሳች። እኔ ምንም አልነካሁም። እንደ ፈረስ በኋላ እግሯ የቆመች መሰለች፤ ስቲኩን ወደ ፊት ገፋሁ፣ አፍንጫዋ ወረደ፣ አልቆመም፣ መሬት ማየት ጀመረች። ሳብኩ። እንደገና ቆመች። በዚህ ጊዜ ግራ ክንፏ አየሩን መያዝ አቃተውና ተገለበጠች። ስንደርስ አፍንጫዋ እስከ ክንፉ ድረስ አፈር ውስጥ ገብቶ ነበር። ልጄ ፎሙን ከሣሩ ትለቅማለች።

ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ሚዛኗን የለካኸው የት ላይ ነው?» ክንፉ ሥር ያደረግሁትን ምልክት አሳየኋቸው። ልክ ነበር። «ባትሪው ውስጥ ሆኖ?» አሉ።

ባትሪው ውስጥ አልነበረም። ያለ ባትሪ ለክቼ፣ ሜዳ ላይ ስደርስ ቦታ ያገኘሁበት፣ ክንፉ ሥር ወደ ኋላ ሸጉጬው ነበር። ከጠቅላላው ክብደት አምስተኛውን የሚሆነውን ነገር ማለት ነው።

እንዲህ አድርጉት። አውሮፕላኗ ለመብረር እንደምትነሳ ሆና፣ ባትሪም ፕሮፔለርም ላስቲክም ሳይቀር (ባትሪው አይሰካ፣ ቦታው ላይ ይቀመጥ እንጂ)፣ ክንፉ ሥር ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ለኩ። የክብደቱ መሐል ከክንፉ ስፋት ከሩብ እስከ ሲሦ ባለው መካከል መውደቅ አለበት። ለ20 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ከ5 እስከ 6.5 መሆኑ ነው፤ እኔ 5.5 ላይ በእስክሪፕቶ ምልክት አደረግሁ፣ በግራም በቀኝም። ሁለት ጣታችሁን ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ አንሷት። ቀጥ ብላ ከቆመች ወይም አፍንጫዋ ጥቂት ዝቅ ካለ ደህና ነው። ጅራቷ ከወረደ አትበርም። በቃ አትበርም፤ ሃምሳ ደቂቃ ነድታችሁ መጥታችሁም ቢሆን።

የአህያ ጭነት ያየ ሰው ይህ አያስቸግረውም፤ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ነገሩ። ጅራቱ ከመሐሉ 50 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ አፍንጫው 20 ብቻ። ስለዚህ ጅራት ላይ በጨመራችሁት 10 ግራም ሙጫ ምክንያት አፍንጫ ላይ 25 ግራም እርሳስ ትከፍላላችሁ። ጅራቱን ስትሠሩ እጃችሁ ይሰስት። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ የሚስተካከለው ባትሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንሸራተት ነው፤ ስለዚህ የባትሪው ክፍል ረዘም ብሎ ይሠራ። ቦታው ሲገኝ መስመር አስምሩበትና በቬልክሮ እሰሩት። የእኛዋ ውስጥ ልጄ «እዚህ!» ብላ በቀይ ጽፋበታለች፤ ለማን እንደሆነ ይገባኛል።

የጎን ሚዛንም አለ፤ አፍንጫና ጅራቱን ይዛችሁ አንሷት፣ አንድ ክንፍ ሁልጊዜ የሚወርድ ከሆነ በሌላው ጫፍ ሳንቲም ለጥፉ። አንድ ፔኒ 2.5 ግራም ናት። እኛ ሁለት ለጠፍን።

ምጣዱ

የሊፖ ባትሪ ለክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት ነው እንዲህ ያለችውን ቀላል አውሮፕላን የሚያነሳት። የዚያኑ ያህል ቁጡ ነው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ አይለፍ። ሲቀመጥ 3.8። ከበረራ በኋላ አርፎ ሲለካ ከ3.5 በታች ካገኛችሁት አብዝታችሁበታል፤ 3 ቮልት ከነካ ባትሪው ተጎድቷል። ቻርጀሩ ሁሉንም ሴል እኩል የሚሞላ፣ ባላንስ የሚያደርግ ይሁን፤ ትንሿን ነጭ ሶኬት ሁልጊዜ ሰኩ። ለ1,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ 1.5 አምፔር አድርጋችሁ ሙሉ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሴል ቁጥሩ ሦስት መሆኑን ቻርጀሩ ላይ አይታችሁ ነው ጀምር የምትሉት።

የት ላይ? ከአዲስ አበባ ስመጣ የያዝኳት የሸክላ ምጣድ ሻንጣ ውስጥ ተሰንጥቃ ነበር የደረሰችው። ባለቤቴ መጣል አልሆነላትም፣ መጋገርም አልቻለችም፤ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀመጠች። አሁን ባትሪ የሚሞላው እሷ ላይ ነው። ሸክላ እሳት አይፈራም። ባትሪው ምጣዷ መሐል፣ ቻርጀሩ ከጎን ሲሚንቶው ላይ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገቡ፣ ከላይ ጭስ ጠቋሚ፣ ዙሪያውን ካርቶንም ጨርቅም የለም። ምጣድ የሌላችሁ የወለል ሸክላ ጡብ ይሆናችኋል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያያል፤ ተኝታችሁ ወይም ወጥታችሁ ባትሪ አይሞላም። የሌሊት ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀን ሳንቀላፋ ቻርጀሩ ላይ መተው ያምረኝ ነበር። አላደርገውም።

ባለፈው ሐምሌ አንዱን ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪና ውስጥ ረሳሁት። ማታ ስከፍት ሊጥ ኩፍ እንደሚል ኩፍ ብሏል፤ ስጫነው ትራስ ነው። እንዲህ ያለው አይሞላም፣ አይበርም፣ አይወጋም፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣልም። ውጭ አሳድሬው በማግስቱ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚሰበስብበት ወሰድኩት። ከአደጋ በኋላ ጥግ ጥጉ የተቀጠቀጠ ባትሪም እንደዚያው ነው፤ ደህና ቢመስልም ግማሽ ሰዓት ያህል ሜዳ ላይ ራቅ አድርጋችሁ ጠብቁት።

ሜዳው ላይ

ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር ተለማመዱ። ሪልፍላይት ጥሩ ነው፣ ይሸጣል፤ ፒካሲም በነፃ አለ። ከባዱ ነገር አውሮፕላኗ ወደ እናንተ ስትመጣ ነው፤ ግራዋ ቀኛችሁ ይሆናል፣ እጃችሁ ይሳሳታል። ዘዴው፣ ወደ እናንተ እየመጣች አንዱ ክንፍ ከወረደ ስቲኩን ወደወረደው ክንፍ በኩል መግፋት ነው። ይህ ሳታስቡት እስኪመጣ ድረስ ሲሙሌተሩን አትልቀቁት። እኔ አሥር ሰዓት ያህል ወሰደብኝ፤ ልጄ አንድ ቅዳሜ።

በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ ድረሱ፤ ነፋስ ገና አልተነሳም። ሣሩ ጫፍ ላይ ክር አስሩ፤ ክሩ ከተጋደመ ለጀማሪ ቀን አይደለም። ፀሐይ ከኋላችሁ ትሁን። ሪሞቱን በርቀት መፈተሻው ላይ አድርጋችሁ ሠላሳ እርምጃ ራቁ፣ ሌላ ሰው አውሮፕላኗን ይዞ ሳለ ራደርና ኤሌቬተሩ ሳይንቀጠቀጡ ይታዘዙ እንደሆነ እዩ። ሰው፣ መኪና፣ ወንበር ካለበት በላይ አይበርም፤ ሁሉም ነገር ከፊታችሁ ባለው ሜዳ ላይ ነው።

የሚወረውረው ሰው በነፋሱ ላይ፣ ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ጦር ይግፋት። ወደ ላይ አይወርውር። ጉልበቱ ከሦስት ሁለት እጅ። ከ40 እስከ 50 ሜትር እስክትደርስ በዝግታ ትውጣ፤ እዚያ ብትሳሳቱ ለማረም ጊዜ አላችሁ። የሚያውቅ ሰው ካለ የመጀመሪያውን ደቂቃ እሱ ይያዝላችሁ፣ ትሪሙን፣ ማለት ስቲኩ ሳይነካ ቀጥ ብላ እንድትሄድ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ አስተካክሎ ያቀብላችሁ። የእኔን ሽማግሌው ይዘው ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረጉና ሪሞቱን እጄ ላይ አስቀመጡት። ምንም ሳልነካ ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሥራው ያነሰ መንካት ነው፤ ጀማሪ የሚጥላት በመጎተት ነው።

የሪሞቱ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ላይ ይጩህ። ባትሪው ስምንት ሊሄድ ይችላል፤ ሁለቱ ደቂቃ ማረፊያውን ስታበላሹ ዞራችሁ ለመምጣት ናት። ስታሳርፉ በነፋሱ ላይ አምጧት፣ ጉልበቱን ቀንሱ፣ አፍንጫዋ ጥቂት ዝቅ ይበል። ቀስ ስትል ኤሌቬተር መሳብ ያምራችኋል፤ መሬት አንድ ሜትር እስኪቀራት አትሳቡ፣ ከዚያ ትንሽ። ልትነካ ስትል ጉልበቱን ዜሮ፤ ፕሮፔለሩ እየዞረ ሣር ከመታ ይሰበራል። የሸሸች ከመሰላችሁ አሯሩጣችሁ አትመልሷት፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ ትግባ። እግር ጎማ ያላደረግንላትም ለዚህ ነው።

ባትሪውን ንቀሉ፣ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉ፣ ከዚያ ተጨባበጡ። እኛ ቅደም ተከተሉን አንድ ቀን ረስተን ሽማግሌው ተቆጥተውናል።

ቤት ስንገባ ባትሪውን የምትለካው ልጄ ናት። ባለፈው እሑድ 3.76፣ 3.77፣ 3.76 አለች። ምጣዷ ላይ አድርጌ ወደ 3.8 ከፍ እያደረግሁ እሷ ክንፉ ሥር የተጣበቀውን ሣር በጥርስ ብሩሽ ትጠርግ ነበር። የማን ብሩሽ እንደሆነ አልጠየቅሁም።